ከበረኪና የተረፈው ፈትል

እናቴ ለሠርጌ ጋቢ የሚሆነውን ማግ ፈትላ ለመጨረስ ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል። ዓይኗ እየደከመ ስለነበር ከዚህ በኋላ እንዝርት እንደማትይዝ ነግራኝ፣ ልቃቂቶቹን በከረጢት ሞልታ ከምትኖርበት ከዋጫ ላከችልኝ። ከፍቼ ሳየው ክው አልኩ። ቅቤ የመሰለ እንጂ ነጭ አይደለም።

እንግዲህ አትፍረዱብኝ፤ እኛ የቦንጋ ቢሮ ሠራተኞች ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት እየዋጠን ነጭ ጫማ የምናደርግ ጉዶች ነን። ከእኔ በፊት ያገባው ባልደረባዬ ጋቢ ፎቶው ላይ ዓይን ያጠፋ ነበር። አማቾቼ ያንን አይተው የእኔን ቢያዩ ምን ሊሉ ነው?

ፈትሉን የወሰድኩላቸው ሸማኔ ሽማግሌ ናቸው። ጥጥ መጀመሪያ ተሸምኖ፣ ከዚያ በእጥበትና በፀሐይ ቀስ እያለ እንደሚነጣ አስረዱኝ። ቦንጋ ላይ ፀሐይ! ዝናቡ መቼ ፋታ ሰጥቶን? ስልኬን አወጣሁና ፋብሪካ ክሩን አስቀድሞ እንደሚያነጣ አነበብኩላቸው። ዲግሪ አለኝ፣ ሁለት ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ማን ሊያስቆመኝ?

«አንተ ታውቃለህ» አሉኝና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ልቃቂቶቹን ፈታትቼ ሁለት ጠርሙስ በረኪና ደፋሁባቸው። ጠርሙሱ ላይ በውኃ አቅጥኑት የሚል ተጽፏል፤ ማን አንብቦት! አመሻሽ ላይ ሳወጣው በረዶ መስሏል። በራሴ ኮራሁ።

ሸማኔው ገና ሲያሸቱት ፊታቸው ጠቆረ። ክሩ በመወርወሪያው ሁለቴ ሳይመላለስ ይበጠስ ጀመር። ድሩ እንደተለመደው የሱቅ ክር ነው፤ ሠርጉ ደርሶ ስለነበር ለማጉም የሱቅ ክር ገዛሁላቸውና በሱ ጨረሱት። ከእናቴ ፈትል የተረፈው በአንዱ ጫፍ ጣት የምታህል መስመር ብቻ ናት። ለእናቴ ትንፍሽ አላልኩም።

የመልስ ዕለት ለብሼው ስገባ ሰው ሁሉ በንጣቱ ተደነቀ። ፎቶ አንሺው ብቻ፣ ለንጣቱ ከሆነ እሱ በኮምፒውተር በአንድ ደቂቃ ያነጣልኝ እንደነበር ሹክ አለኝ።

እናቴ አጠገቧ አስቀምጣኝ ጋቢውን በእጇ ትዳስስ ጀመር። ለካ ዓይኗ ነጭና ቢጫ መለየት ካቆመ ቆይቷል። ያን ሁሉ ስለፋ ስለ ዓይኗ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም። ከላይ ጀምራ እስከ ታች ዳሰሰችው። ጫፉ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ይቺ የኔ ናት» አለች። «ሌላውን የት አደረግኸው?»