ጠማማውን ጊታር የመረጥኩበት ቀን

ጊታሩን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይኔ አንሥቼ አንገቱን ሳይ፣ ከኋላዬ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ... ያ ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ጣሊያን ደሴን ከያዘ ሁለት ዓመት አልፎታል። ውጭ አገር የተማረ ሰው እየተለቀመ የሚወሰድበት ጊዜ ነው። እኔ ፈረንሳይ አገር ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የመጣሁ፣ ዳኛም የነበርኩ ሰው ነኝ፤ ግን ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ፊደል የማልለይ ቆዳ ነጋዴ ነኝ ብዬ ተቀምጫለሁ። መጽሐፎቼን ጓሮ ቀብሬያቸዋለሁ።

ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው የሚያነበው ሲያጣ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ? ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። ጣቶቹ አያርፉም። በሆነውም ባልሆነውም ይቆጣል... እኔማ ዱሮም ቁጡ ነኝ።

ተማሪ ሳለሁ ከጎኔ ክፍል አንድ እስፓኛዊ ተከራይቶ ነበር። ማታ ማታ ፍላሜንኮ የሚሉትን የአገሩን ጨዋታ በጊታር ይጫወታል። ክሩን ብቻ አይደለም የሚመታው፤ እንጨቱንም በጣቶቹ እንደ ከበሮ ይደልቀዋል። ጥሩ ጊታር በምን እንደሚለይ ከሱ ተምሬያለሁ፤ መጫወት ግን አንድም ቀን አልሞከርኩም። እንግዲህ አሁን ልጀምር አልኩ። ጊታር ፊደል የለውም፣ ማን ይጠረጥረኛል ብዬ።

የኮምቦልቻው ወዳጄ ይመር ለጣሊያን ሾፌሮች ዶሮና እንቁላል ሲያቀርብ የገበያ ጣልያንኛ ለምዷል። ፒያሳ ላይ አንድ ጣሊያን፣ ወታደሮች ወደ አገራቸው ሲገቡ ጥለውት የሚሄዱትን ዕቃ እንደሚሸጥና ሁለት ጊታር እንደሰቀለ የነገረኝ እሱ ነው። አብረን ሄድን።

አንደኛው እንደ መስታወት የተወለወለ፣ አፉ ዙሪያ ዛጎል የተለጠፈበት ነው። ሌላው ቀለሙ የነጣ፣ ሲያነሡት ቅልል የሚል፣ መቃኛው እንጨት፣ ፊቱ በጣት ምት የተጫጫረ። አንድ ወታደር ከእስፓኝ ጦርነት ይዞት እንደመጣ ባለሱቁ ነገረን። ከማን እጅ እንደወሰደው አልነገረንም። ስላላማረ ብቻ ዋጋው የዚያኛውን እኩሌታ አይሞላም።

እኔ ደግሞ ዕቃ ስመርጥ ራሴን እረሳለሁ። የነጣውን ጊታር አንገት አነጣጥሬ አየሁ፤ ቀጥ ያለ ነው። ክሩ ከእንጨቱ ምን ያህል እንደራቀ በጥፍሬ ለካሁ። ሆዱን አንኳኩቼ አዳመጥኩ። ባለዛጎሉንም አንሥቼ እንደዚያው አነጣጠርኩ... አንገቱ ጠማማ ነው። ወንበሩ የተንቀሳቀሰው ያኔ ነው።

ለካ ጥግ ላይ ጋዜጣ የያዘ የፖሊስ መኮንን ተቀምጦ ኖሯል። ጋዜጣውን አጠፈና በፈረንሳይኛ፣ በለሰለሰ ድምፅ «ይህን የት ተማርከው?» አለኝ።

ፈረንሳይኛን የመረጠው ሆን ብሎ ነው። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር... እንዴት እንደዋጥኩት አላውቅም። ወደ ይመር ዞሬ እንደ በሬ አፈጠጥኩበት።

ይመር ፈረንሳይኛ አያውቅም፤ የኔን ፊት ግን ያውቃል። በዚያች በገበያ ጣልያንኛው «አዝማሪ ነው ጌታዬ፣ መሰንቆው ተሰብሮበት ነው» አለ።

እኛ ቤት አዝማሪ መባል ስድብ ነበር። እንደ አዝማሪ እጅ ነሣሁ።

መኮንኑ ተነሥቶ የነጣውን ጊታር አቀበለኝ። ተጫወት ማለቱ ነው።

አንድ ዜማ አላውቅም። ክሩን ብነካው ጉዴ ይፈላል... ያ እስፓኛዊ ትዝ አለኝ። ክሩን በግራ እጄ አፍኜ እንጨቱን መምታት ጀመርኩ። ይመር ሐሙስ ሐሙስ ከሐድራው የዱዓ ጉባኤ የማይቀር ሰው ነው፤ ምቱን ሲሰማ ዓይኑን ጨፍኖ መንዙማ አነሣ፣ በጭብጨባም ተቀበለኝ። በጠላት ሱቅ፣ በእስፓኝ ጊታር፣ አንድ ክርስቲያንና አንድ እስላም ነቢዩን አወደስን።

ባለሱቁ ሳቀ። መኮንኑ አልሳቀም። ሁለቱን ጊታሮች ጎን ለጎን አጋድሞ፣ የቱን ትወስዳለህ እንደማለት በአገጩ ጠቆመኝ።

ፈተናው ይሄ ነበር። እጄ ወደ ነጣው ሲሄድ ታወቀኝ... መለስኩት። ባለዛጎሉን ጠማማ አቀፍኩና ፈገግ አልኩ።

መኮንኑ ወደ ባለሱቁ ዞሮ በቋንቋቸው «እነዚህ የሚያብረቀርቅ ነገር ካዩ ይበቃቸዋል» አለውና ጋዜጣውን ገለጠ። እኔ ጣልያንኛም እሰማለሁ። ፈገግታዬን ከፊቴ አላወረድኩም። ተሸክሜ ከማውቀው ሸክም ሁሉ የሚከብደው ያ ፈገግታ ነው።

የያዝኩት ገንዘብ ለጠማማው አልበቃም፤ ካፖርቴን ጨምሬ ሰጠሁ። ወዲያው በጭነት መኪና ወደ ኮምቦልቻ ወረድን፤ መኮንኑ እስኪረሳኝ ይመር ቤት ልሰነብት። መንገድ ላይ ይመር የጋቢውን እኩሌታ አለበሰኝ።

«አዝማሪ አልከኝ?» አልኩት።

«ታዲያ ዳኛ ነው ልበለው አያ?» አለ። ጋቢውን ወደኔ ሳብ አድርጎም ጨመረበት፤ «ወላሂ፣ እንደ አንቱ ያለ ክፉ አዝማሪ ግን አላህ አልፈጠረም።»

ሳቅ አፈነኝ። ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ስለነበር ሳቅ ይሁን ብርድ፣ ፍርሃት ይሁን ንዴት፣ አልለየውም።

ጠላት ከወጣ በኋላ ጓሮውን ብቆፍር መጽሐፎቼን ምስጥ ጨርሷቸዋል። ሱቁ ተዘግቷል፤ የነጣው ጊታር ማን እጅ እንደገባ የሚያውቅ የለም። ጠማማው ግን ይኸው አለ። ቅኝት ይዞ አያውቅም። በየማታው እቃኘዋለሁ፣ በየማታው እናደዳለሁ።

ሰሞኑን አንድ ዘመዴ የመጀመሪያ ጊታሩን ሊገዛ ነው፤ ምን ምን ልይ ብሎ ጠየቀኝ። አንገቱን፣ መቃኛውን፣ እንጨቱን... ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኩት። «ከሁሉ በፊት ግን» አልኩት፣ «ጥግ ላይ ማን እንደተቀመጠ እይ።»