የማላውቀው ሰው ለቅሶ

የያዙኝ ሜልቦርን፣ ኮሊንግዉድ ሰፈር፣ ከፎቁ ሊፍት ስወጣ ነው። ሁለት ነበሩ፣ አንድ ወንድ አንዲት ሴት። መጀመሪያ እንደምን አደርክ አሉኝ። ቀጥለው የኢሚግሬሽን መታወቂያቸውን አሳዩኝ። ከዚያ፣ ይህን ስናገር ማንም አያምነኝም፣ ብርድ ነው ብለው ቤቴ ተመልሼ ጃኬት እንድደርብ ፈቀዱልኝ። አዲስ አበባ በቀልድ ጽሑፎቼ ሰበብ ሲይዙኝ በካልሲ ነበር የወሰዱኝ። እዚያ ጥፊው ስለሚቀድም ሰው የት እንዳለ ወዲያው ይገባዋል። እዚህ ግን ጃኬት ልበስ አሉኝ። እንዲህ የሚንከባከቡኝ ምን ሊያደርጉኝ ነው?

ጥፋቴ ቪዛዬ መቃጠሉ ነው። የጥገኝነት ጥያቄዬ ገና አልተወሰነም ነበርና፣ እስኪወሰን የስደተኞች ማቆያ ትቆያለህ ተባልኩ። ጠበቃዬ በስልክ አንድ ምክር ሰጠችኝ።

«ስምህ ሪፖርት ላይ እንዳይገባ። ጠብ የለ፣ የተከለከለ ዕቃ የለ። አንድ መጥፎ ነገር ቢጻፍብህ ውሳኔው ላይ ይታይብሃል።»

ይታይብሃል ማለት ወደ መጣህበት ትመለሳለህ ማለት ነው። ወደ መጣሁበት መመለስ ደግሞ በካልሲ መሆኑ ነው።

ክፍሉ ሁለት አልጋ፣ የማይከፈት መስኮትና ምንጣፍ አለው። እስር ቤት ምንጣፍ አለው ብዬ ለማን ላውራ? የወለል ማጽጃ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። አንደኛው አልጋ ላይ ሰባ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ነጭ ጢሙን በሥርዓት የከረከመ፣ አንድ ጆሮው ላይ ሎቲ ያደረገ ነጭ ሰውዬ ተቀምጧል። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ብስኩቱን ከፍሎ ግማሹን ሰጠኝ።

«ከተማው ውስጥ ጓደኞች አሉህ? ማን ይጠይቅሃል?» አለኝ።

እኔ መቼም እስር ቤት ዲግሪ ቢሰጥ ዶክተር የምባል ሰው ነኝ። አዲስ አበባ በታሰርኩበት ክፍል ምግቡን የሚያካፍልህ፣ ስለ ጓደኞችህ የሚጠይቅህ፣ ገላው ላይ አንድ ሰንበር የሌለበት ሰው ካየህ እሱ ጆሮ ጠቢ ነው። ደንቡ ይኸው ነው። ብስኩቱን በላሁና «ጓደኛ የለኝም» አልኩት። ሜልቦርን ያለ ሐበሻ በሙሉ ሠርጉ ላይ ጠርቶኛል፤ ቢሆንም ጓደኛ የለኝም አልኩ።

ማስረጃው በየቀኑ እየበዛ ሄደ። ሰውዬው በየማለዳው ወደ ክሊኒክ ይጠራል። አያስልም፣ አያነክስም፤ ሄዶ ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ብርድ ልብሱ ሥር በእጁ የሆነ ነገር ይነካካል። እኔ ስገባ ያቆማል።

ከጎናችን ክፍል አንድ የወሎ ልጅ ነበር፤ ልጅ የምለው ለእኔ ነው እንጂ ሠላሳ አምስቱን አልፏል። ከመያዙ በፊት ፉትስክሬይ በሚባል ሰፈር ሥጋ ቤት ይሠራ ነበር። ግቢው ውስጥ ስንዞር ጉዳዩን አማከርኩት።

«ጋሼ፣ ወላሂ ይሄ ሰውዬ የነሱ ነው» አለኝ።

«በምን አወቅህ?»

«ሁሌ ጠዋት ይጠራላ! ሙአዚን እንኳ እንደሱ ሰዓት አያከብርም።»

«መድኃኒት ሊወስድ ይሆናላ።»

«ምን ሆኖ? ጉንጩን አላዩትም? ከእሱና ከእርስዎ ሬሳ የሚመስሉት እርስዎ ነዎት። ደግሞ ያ ሎቲ…»

«ሎቲ ሰላይ ያደርጋል እንዴ?»

«ማይክራፎን ቢሆንስ?»

ስቄበት ተለየሁት። ሆኖም እኔ፣ ሃምሳን የዘለልኩ ሰው፣ ያን ቀን እራት ላይ አጎንብሼ የሽማግሌ ጆሮ ስመረምር አመሸሁ ማለት ይቻላል። ጨው አቀብለኝ ለማለት እንኳ በሎቲው በኩል አልናገርም ነበር፤ በሌላኛው ጆሮ ዞሬ ነው።

ሐሙስ አንሶላ የሚቀየርበት ቀን ነው። ሰውዬው ክሊኒክ እንደሄደ ፍራሹን ብድግ አደረግኩት። ሥሩ ረጅም ነጭ ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። ዘረጋሁት፤ ሰው ቢተኛበት ከራስ እስከ እግሩ ይበቃዋል። አንደኛው ጫፍ ላይ በቀይና በሰማያዊ ክር ፊደላት ተሰፍተዋል፤ ስም ይመስላል፣ ግን አላለቀም። አጠገቡ ከካልሲ የተተረተረ ክር ተጠቅልሏል።

መጀመሪያ የመጣልኝ ገመድ ነው። ቀጥሎ የመጣልኝ ግን ከዚያ ይብሳል፦ ይህን ያስቀመጡት እኔ ክፍል እንዲገኝ ነው። ጨርቅ እዚህ እንደ ጩቤ ነው የሚታየው፤ ሰው ራሱን እንዳያንቅ ከለበስከውና ከአልጋህ ልብስ በቀር አንድ ክንድ አይፈቀድም። ነገ ይፈትሻሉ፣ ሪፖርት ይጻፋል፣ ስሜ ይገባል።

ጨርቁን እንደያዝኩ ሰውዬው በሩ ላይ ቆሟል።

አልጮኸም። «እጅህን ታጥበሃል?» አለኝ።

አልታጠብኩም ነበር። መልሶ ወሰደውና ጉልበቱ ላይ አስተካክሎ አጠፈው።

«ገመድ ነው?» አልኩት።

«ጓደኛዬ ነው።»

ከዚያ ተናገረ፤ ረጅም አልነበረም። ጨርቁ ፊትዝሮይ በሚባል ሰፈር አብረው ይኖሩበት የነበረ ቤት የመስኮት መጋረጃ ነው። በኮቱ ገበር ውስጥ አስገብቶ ነው እዚህ ያደረሰው። በወጣትነታቸው አንድ ጠረጴዛ ከበው የሚበሉ ጓደኛሞች ነበሩ። «ጌይ ነን፤ ቤተሰቦቻችን አባረውናል፤ ስለዚህ ቤተሰብ የሆንነው እርስ በርሳችን ነው» አለ። ኤድስ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ወንበር መጉደል ጀመረ። «ከቀብር ስንመለስ በዚያው ጥቁር ልብስ ሌላውን ለመጠየቅ ሆስፒታል እንሄድ ነበር።» በየሟቹ ስም የመቃብር ልክ የሚያህል ጨርቅ ይሰፋሉ፤ ጨርቆቹ ዛሬም ከተማው ውስጥ በአንድ ቦታ ተቀምጠዋል። አንዱ ጓደኛቸው ብቻ ጨርቅ የለውም። ቤተሰቡ ሬሳውን ወደ ገጠር ወስደው ካንሰር ነው አሉ፤ ጓደኞቹን መቃብር አላስገቡም። ከአጥሩ ውጭ ቆመው አፈር ሲለብስ አዩ።

«እናቱ ለመነችኝ። እኔ በሕይወት እያለሁ ስሙን እንዳትሰፋ፣ ሰው ያውቅብኛል አለችኝ። ቃል ሰጠኋት። ዘጠና ዓመት አልፏት ባለፈው በጋ ሞተች። ልሰፋ ስጀምር ደግሞ እኔ ተያዝኩ።»

ሰውዬው ራሱ የተወለደው እንግሊዝ ነው። በአራት ዓመቱ እናቱ በመርከብ አምጥታው ዜግነት ሳይወስድ አረጀ። አንድ ጥፋት አጥፍቶ ታስሮ ከተፈታ በኋላ ቪዛውን ሰረዙበት። ቅዳሜ ጠዋት ማንንም ወደማያውቅበት አገር በአውሮፕላን ይጭኑታል።

«ክሊኒኩስ?» አልኩት፤ መርማሪ ፖሊስ እንጂ እስረኛ አልመስልም ነበር።

«የዚያው በሽታ ኪኒን። ለነሱ ዘገየ፣ ለእኔ ደረሰ።»

እውነቱን ልናገር፣ አሁንም አላመንኩትም። ጥሩ ታሪክ ነው፤ ጆሮ ጠቢ ደግሞ ታሪክ አያጣም። የረታኝ ያ «ካንሰር» የሚለው ነው። በእኛ ሰፈር በዚያ ዘመን በዚህ በሽታ የሞተ አንድም ሰው የለም፤ ሁሉም «ሳንባ» ነበር። ሳንባ እየተባለ ወጣቱ ሁሉ አለቀ። ቃሬዛ ተሸክመን ስንሄድ እርስ በርስ አንተያይም ነበር። ቀብር ላይ በሽታው ስሙን እንደሚቀይር የቆመ ካልሆነ ማን ያውቃል?

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በልቤ አንቱ አልኳቸው፤ እዚህም አንቱ ብዬ ልቀጥል።

መርፌዎቻቸውን ረቡዕ ክሊኒክ ሲገቡ በኪስ ፍተሻ ወስደውባቸው ነበር። የስሙ ግማሽ ቀርቷል። ስጠኝ፣ ፈልግልኝ አላሉኝም። እኔ ግን መርፌ እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ አዲስ አበባ እስር ቤት በሠራነው መርፌ ሹራብ ሠርተን ነው ያን ክረምት ያለፍነው። መርፌ የተከለከለ ዕቃ ነው። የተከለከለ ዕቃ ሪፖርት ነው። ምሳ እስኪደርስ ምንጣፉ ላይ ተመላለስኩ።

ምሳ ላይ ለወሎዬው በአማርኛ ሁሉንም ነገርኩት፤ ጌይ መሆናቸውንም አልደበቅኩም። ሹካውን አስቀመጠ።

«እሱን አላህ ያውቃል» አለ በመጨረሻ። «ሐዘንተኛ ግን ብቻውን አይቀመጥም፣ ጋሼ።»

ከሳህኑ የዶሮ አጥንት አንስቶ በናፕኪን ጠቀለለና ኪሴ ከተተው። «ሥጋውን ግን እኔ በልቼዋለሁ።»

አጥንቱን መታጠቢያ ቤት ሲሚንቶው ላይ ሳልኩት። ቀዳዳውን የበሳሁት ከጠበቃዬ ወረቀት ላይ በነቀልኩት የስቴፕለር ሽቦ ነው። ጠበቃዬ፣ ይህን ስታነቢ ይቅር በይኝ።

ዓርብ ከቁርስ ጀምሮ ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ሽማግሌው ይሰፋሉ፤ ዓይናቸው ስለደከመ ክር የማስገባው እኔ ነኝ፤ ወሎዬው በሩ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ኮቴ ያዳምጣል። በወረቀት ኩባያ ሻይ ይዘናል። ለቅሶ ቤት ነውና ወሎዬው መጠየቅ ያለበትን ጠየቀ።

«ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

ሽማግሌው መርፌዋን አቆሙ። «ውሸታም» አሉ። «ዓይን ያወጣ ውሸታም። አንድ ጊዜ ለትራም ተቆጣጣሪ የቤተ መንግሥት የፈረስ ሐኪም ነኝ፣ ፈረስ እየሞተብኝ ነው ብሎ ያለ ቲኬት ወረደ። ተቆጣጣሪው እየሮጠ መንገድ ከፈተለት።»

ወሎዬው በእጁ አፉን አፍኖ ሳቀ። «ጋሼ፣ ዘመድዎ ነው።»

እኔም ሳቅኩ። ያን ሰው አግኝቼው ቢሆን ኖሮ የምንጣላበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማን ይበልጥ ይዋሻል በሚለው።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ፊደል አለቀ። ሽማግሌው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።

«ይህ ከኔ ጋር መሄድ የለበትም» አሉ። «ከሌሎቹ ጋር እዚሁ ነው መሆን ያለበት። ከጠረጴዛችን የተረፈ አንድ ጓደኛ አለ፤ እሁድ ሊጠይቀኝ ይመጣል። እንደሚወስዱኝ አያውቅም፤ ስልኩን አያነሳም።»

አደራ የሚል ቃል አላወጡም። ጨርቁን ግን በሁለት እጃቸው ነው የሰጡኝ፤ እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ቅዳሜ ጠዋት መጥተው ወሰዷቸው። ጃኬት እንዲለብሱ ፈቀዱላቸው።

እሁድ የጠያቂዎች አዳራሽ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ከክፍላችን ወደዚያ የሚያልፍ ሰው ግን ይፈተሻል። በእጅህ ምንም አትይዝም፤ ከለበስከው በቀር። እሁድ መጋረጃውን እንደ ነጠላ አደረግኩት፤ እንደ ለቅሶ፣ ጫፉን ወደ ላይ፣ ስሙ በትከሻዬ ላይ። ወሎዬው ዞሮ ዞሮ አየኝና ጀርባዬን አስተካከለልኝ።

«ምን እመስላለሁ?»

«ባለቤቷ የሞተባት ባልቴት። ይሂዱ፣ አብሽር።»

ፈታሿ ሴት ነበረች፤ ከፊቷ መዝገብና እስክሪብቶ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ልብስ።»

«የምን ልብስ?»

«የለቅሶ። እኛ አገር ሰው ሲሞት እንዲህ ይለበሳል።»

ለባለ ዩኒፎርም እውነት ስናገር የመጀመሪያዬ ስለነበር አንደበቴ ተንተባተበ። ተጠግታ ትከሻዬን አየችው። ስሙን በቀስታ አነበበችው።

«ይሄ ማን ነው?»

ብዙ መልስ ነበረኝ። የሽማግሌው ነው፣ እኔ የለሁበትም ማለት እችላለሁ። ባህል ነው፣ ትርጉም የለውም ማለት እችላለሁ። የጠበቃዬ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ እንዲህ ተጠይቄ ያልካድኩት ወዳጅ የለም ቢሉኝ አልከራከርም፤ ዱላ ሲበዛ ሰው የገዛ ስሙንም ይክዳል። እዚህ ግን የመታኝ የለም።

«ጓደኛዬ ነው» አልኩ።

«መቼ ነው የሞተው?»

«ቆይቷል። የዘገየው ለቅሶው ነው።»

እስክሪብቶውን አንስታ አንድ ነገር ጻፈች። ምን እንደጻፈች አላየሁም። «አዝናለሁ» አለችና በሩን ከፈተችልኝ።

አዳራሹ ጥግ ባለ ከዘራ ሽማግሌ ብቻቸውን ተቀምጠው በሩን በሩን ያያሉ። ፊታቸው ሄጄ ጨርቁን ከትከሻዬ አወረድኩና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ከጠረጴዛው ተርፎ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። መዳፋቸውን ስሙ ላይ አሳረፉ። እኔ ትይዩአቸው ተቀመጥኩ። ጓደኛቸው ትናንት እንደተወሰዱ ነገርኳቸው፤ የጥየቃው ሰዓት እስኪያልቅ እጃቸውን ከስሙ ላይ አላነሱም። ሲወጡ ጨርቁን ሹራብ እንደሚታጠፍ አጥፈው በብብታቸው ያዙት፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

አሁን የምኖረው ከሜልቦርን ዳር፣ ዋይንድሃም ቬል ነው። ውሳኔው ብዙ ወራት ቆይቶ መጣ፤ ፈቀዱልኝ። ወሎዬው ከእኔ ቀድሞ ተፈታ፤ ዛሬም ስለ ሥጋ ጥራት በስልክ ይሰብከኛል። እንግሊዝ የሄዱት ሽማግሌ የባሕር ፎቶ ልከውልኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ጠፍቷል። ፈታሿ የጻፈችውን ፋይሌን ጠይቄ ማየት እንደምችል ነግረውኛል። አልጠየቅኩም።

በዓመት አንዴ ጨርቆቹን አዳራሽ ወለል ላይ ዘርግተው ሰው በመሀላቸው በቀስታ ይዞራል። ባለ ከዘራው ሽማግሌ መቆም ስለማይችሉ በዚያኛው ጨርቅ ራስጌ የምቆመው እኔ ነኝ። ባለፈው ጊዜ አንዲት ወጣት መጥታ ስሙን አነበበችና «ታውቀው ነበር?» አለችኝ።

«እንዴታ!» አልኳት። አንድ ጊዜ ዝናብ ይዞን የቀብር አስፈጻሚ መኪና አስቁሞ ቤታችን እንዴት እንዳደረሰን ነገርኳት። ያ ቀን የለም፤ እዚያው ቆሜ ነው የፈጠርኩት። ልጅቷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ የጨርቁን ጫፍ አስተካክላ ሄደች።

ብዙ ሰው ብዙ ነገር ስነግረው ይጠረጥረኛል፤ ደግሞም ልክ ነው። ስለዚህ ሰው ሳወራ ግን እስካሁን የተጠራጠረኝ የለም።