አስቆፈሩት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ ልናገር፤ ፊታችሁን ስለማላየው ይቀለኛል።

በጃንሆይ ዘመን ቀወት ውስጥ የአንድ ባላባት ጭሰኞች ነበርን። ዝናብ እየከዳን ማሽላው ቢመክንብን፣ ከሮቢ ወንዝ ውሃ ጠልፈን በቦይ እናምጣ ብዬ ሰውን ያስነሳሁት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔው። ዓርብ ዓርብ ክርስቲያኑ ቆፈረ፣ እሑድ እሑድ እስላሙ ቆፈረ፣ በቀረው ቀን በደቦ አብረን ቆፈርን። ባላባቱ አንድ አካፋ አላዋጡም። ጎረቤቴ እንድሪስ ድንጋይ እግሩን ቀጥቅጦት እንኳ እያነከሰ ይቆፍር ነበር።

ውሃው ገባ። መሬቱ ሲለመልም ባላባቱ ለትልቅ እርሻ ሊያከራዩት ፈለጉና ልቀቁ አሉን። ነገሩ አጥቢያ ዳኛ ዘንድ ደረሰ። ዳኛው፣ ቦዩን ጭሰኞቹ በራሳቸው ቆፍረውት ከሆነ አይነሱም አሉና እኔን ለምስክርነት ጠሩ። "አንተ እያለህ ምን እፈራለሁ?" አለኝ እንድሪስ መንገድ ላይ። ባላባቱ ግን ቀደም ብለው አስጠርተው "ያንተን ማሳ አልነካብህም" ብለውኝ ነበር።

"ቦዩን ማን ቆፈረው?" አሉኝ ዳኛው።

"እሳቸው አስቆፈሩት።"

በቃ፣ ይችው ናት። ቆፈርነው ማለት አቅቶኝ ነበር? ምላሴ ታስሮ ነበር? አልታሰረም። ፈርቼም አይደለም፤ ለማሳዬ ሳስቼ ነው። እንድሪስ አልጮኸብኝም። "አላህ ይይልኝ" ብሎ ወጣ።

ቀኗ የደረሰ ሚስቱን ዘይነባን አህያ ላይ አስቀምጦ ወደ አዋሽ ወረደ፣ ጥጥ ለቀማ። እሷንም ሕፃኑንም ወባ ጨረሳቸው። መርዶውን የሰማሁት ሽንኩርቴን ውሃ ሳጠጣ ነው። ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ውሃውን ወደሚቀጥለው መደብ መለስኩት።

እኔ አልነቀልኳቸውም፣ እኔ አልገደልኳቸውም እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ። ያቺ በዳኛው ፊት የጨመርኳት "አስ" ግን አልለቀቀችኝም። አስነቀልኳቸው። አስገደልኳቸው። ሌላ ስም የለውም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የሚችለው እንድሪስ ነው፤ እሱም የት እንደወደቀ አላውቅም። ዳኛው ለጠየቁኝ ግን ዛሬ ልመልስ፤ ለማንም ባይጠቅምም።

ቆፈርነው።