በምድጃው መስታወት ውስጥ

ቪዲዮዬ የክፍላችን ግድግዳ ላይ ሲበራ ደስታዬ ለጉድ ነበር። የሳይንስም የኮምፒውተርም መምህራችን አንድ ሰው ስለሆነች ሁለቱን ትምህርት አዳቅላ ነው የምትሰጠን። መጀመሪያ ሙከራውን እናያለን፤ ከዚያ ሁላችንም መርማሪ እንሆናለን፤ ማለትም የማያውቀን ሰው ቪዲዮውን ቢያይ ስለ እኛ ምን ሊያውቅ እንደሚችል እንፈልጋለን።

የእኔ ሙከራ የእርሾ ነበር። ጠርሙስ ውስጥ እርሾ፣ ስኳርና ለብ ያለ ውሃ፣ ጠርሙሱ አፍ ላይ ፊኛ። እርሾው ስኳሩን እየበላ ጋዝ ሲያወጣ ፊኛው ቀስ እያለ ይነሳል። የሠራሁት ራውዳ በሚባለው ሰፈር፣ እናቴ በምትሠራበት ቤት ኩሽና ውስጥ ነው። የቤቱ እመቤት ማዳም ራሷ ናት «ያላ፣ እዚሁ ሥሪው» ያለችኝ። እናቴ ቀረጸችኝ።

መርማሪዎቹ ሥራ ጀመሩ።

«ዩኒፎርሟ ላይ የትምህርት ቤታችን ስም ይነበባል!»

«ጥፍሯንም አልቆረጠችም፣ ይያዝልን!»

ሳቅ በሳቅ ሆንን። ድንገት አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ጮኸች፦ «ቲቸር፣ ምድጃው ውስጥ ሰው አለ!»

እውነትም አለ። የምድጃው በር ጥቁር መስታወት ነው። ማዳም ፀጉሯን ለቃ፣ እጅጌ በሌለው የቤት ልብስ ከምትቀርጸው እናቴ ኋላ ስታልፍ እዚያ ውስጥ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ከቤተሰቧ ውጪ ያለ ወንድ ፀጉሯን አይቶት የማያውቅ ሴት!

መምህራችን ቶሎ አጠፋችው። «አይዞሽ፣ ከዚህ ክፍል አይወጣም፤ ይኸው ሰረዝኩት» አለችኝ።

ወጥቷል እንጂ! በዋዜማው ማታ እናቴ ዋትሳፕ ስታተሷ ላይ «የኔ ዶክተር፣ ማሻአላህ» ብላ ከቀይ ልብ ምልክት ጋር ለጥፋዋለች። የእኛ እናቶች እንደዚህ ናቸው፤ ልጅ ጥርስ ቢነቅል እንኳ ስታተስ ላይ ካልወጣ እንዳልነቀለ ይቆጠራል። ወሎ ያለው ዘመድ፣ ሪያድ ያለው አገር ሰው ሁሉ ያየዋል። ማዳምም ታየዋለች፤ ሽንኩርት ማለቁን የሚነጋገሩት በዚያው በዋትሳፕ ነውና።

የአባቴ ከፊል፣ ማለትም ፈቃዱን ያስያዘለት አሠሪው፣ ደግሞ የማዳም ባል ነው። የሁላችንም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ ከዚያ ቤት ጋር የታሰረ ነው። ማዳም ከተቆጣች ሥራዋን የምታጣው እናቴ ብቻ አይደለችም፤ ሁላችንም ሻንጣ ማዘጋጀት ነው።

ስልኮቻችን ጠዋት ተሰብስበው ካርቶን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ለመምህሬ በጆሮዋ ነገርኳትና የራሷን ስልክ ሰጠችኝ። ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። እናቴ ሥራ ስትጀምር ስልኳን ድምፁን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ነው የምትተወው። «እማ፣ ስታተሱን አጥፊው» ብዬ ጻፍኩላት። አልተነበበም።

«ከመለጠፍ በፊት አስቡ» የሚለውን የተማርኩት እኔ፣ የለጠፈችው እሷ። ምን ይደረጋል? ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ማስታወሻ በቆንጆ ጽሕፈቴ መገልበጥ ቀጠልኩ። «አንዴ የወጣ ምስል በባለቤቱ እጅ አይደለም» ይላል።

አመሻሽ ላይ እናቴ ባዲዓ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«አጠፋሽው?» አልኳት።

«አጠፋሁት። ግን ካዩት ሰዎች መሃል ማዳም አለች።»

አባቴ «ምን አለችሽ?» አላት።

«ምንም። ሻይ አምጪ አለችኝ፣ ወሰድኩላት፣ ጠጣች።»

«ኸላስ፣ በቃ ይለፍ ኢንሻአላህ» አለ አባቴ። እራቱን ግን አልነካውም። እኔም ከማዳም ዝምታ ጩኸቷ ይሻለኝ ነበር፤ ብትጮህ ቢያንስ የምንጠብቀውን እናውቅ ነበር።

በማግስቱ እናቴ ሥራ ስትገባ በሩ አጠገብ ቅርጫት ተቀምጧል። ማዳም በጣቷ አሳየቻት። እናቴ ስልኳን ከተተችና ወደ ኩሽና አለፈች። የምድጃው መስታወት ላይ ፎጣ ተንጠልጥሏል። ከዚያ ቀን ወዲህ በየቀኑ እንደዚሁ ነው፤ እኔ ስልኬን ካርቶን ውስጥ፣ እሷ ቅርጫት ውስጥ። እኔ ግን ከሰዓት ይመለስልኛል፤ ለእሷ ማታ ከሥራ ስትወጣ ነው።

በሳምንቱ ውጤት ተነገረን፤ የእርሾ ሙከራዬ ከክፍሉ አንደኛ ወጣ! ስልኬን እንደተቀበልኩ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ እናቴ ጋ ደወልኩ። ቅርጫቱ ውስጥ ጠራ፣ ጠራ። እንደማታነሳው እያወቅኩ ዝም ብዬ አስጠራሁት።