ውሃ ሳይረጭ የተጠረገው ሼድ

የመጀመሪያው ምልክት የጭን ሕመም ነበር። በታኅሣሥ ወር አንድ ማለዳ ከአልጋዬ ስነሣ፣ ጭኖቼና ወገቤ ሌሊቱን ድንጋይ ሲያግዙ ያደሩ መሰሉኝ። ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የተሰናበትኩ ሰው ነኝ፤ የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ፣ ቻምበርስ ሮድ አጠገብ፣ ከልጄ ከዮናስ ቤተሰብ ጋር ነው። የቀረችኝ አንዲት ሥራ የሰባት ዓመት የልጅ ልጄን ሶስናን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ማድረስ ነበረች። ትኩሳቱ ሲጨመርበት ያቺንም የምራቴ አባት አቶ ተስፋዬ ተረከቡኝ።

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር ሚካኤል ነው። አገር ቤት በዚያ ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል። እዚህ እንደ ልብ እሳት ስለማይለኮስ፣ እኛ ጓሮ ያለውን ሼድ፣ ማለትም የዕቃ ማስቀመጫውን ጎጆ፣ እናጸዳለን። የሶስና ብስክሌት እዚያ ውስጥ ነበር። በሩን ስንከፍት ጥግ ላይ ከደረቅ ሣር የተሠራ የአይጥ ጎጆ፣ በወለሉም ላይ እንደ ጥቁር አዝሙድ የተበተነ የአይጥ ዓይነ ምድር አየን።

«ይቆዩ አቶ መኮንን፣ ውሃ ላምጣ። ሳይረጭ አይጠረግም» አሉ አቶ ተስፋዬ።

ሶስና እየዘለለች፣ «ግራንድፓ ተስፋዬ ዊል ጌት ማይ ባይክ!» አለች፤ ብስክሌቴን የሚያወጣልኝ አያቴ ተስፋዬ ነው ማለቷ ነው።

መጥረጊያውን አነሣሁ። አቶ ተስፋዬ ባልዲ ይዘው ሲመለሱ ወለሉ ተጠርጓል፣ ብስክሌቱ ደጅ ቆሟል፣ እኔም አቧራ ለብሻለሁ።

«ከመሥሪያ ቤት የለመዱት ወረፋ የት ሄደ? አቧራውን ሁሉ በአንዴ አስተናገዱት!» ብለው ሳቁብኝ። ሶስናም አብራ ሳቀች። ከሁሉ ያቃጠለኝ የሷ ሳቅ ነው።

ሕመሙ ሲጀምረኝ ይህን ቀን አላስታወስኩትም፤ ሳምንታት አልፈውታል። የሄድኩበት ክሊኒክ ጉንፋን ይመስላል ብሎ መለሰኝ። ከዚያ ሳል መጣ። ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ቀጥሎ መናገር አቃተኝ። ዮናስና አቶ ተስፋዬ ደግፈው ዴንቨር ሆስፒታል አደረሱኝ።

«በቅርቡ አይጥ ያለበት ቦታ ገብተዋል?» አለች የሳንባ ሐኪሟ።

ዮናስ አያውቅም። የእኔ አፍ በኦክስጅን ጭምብል ተሸፍኗል። የመለሱት አቶ ተስፋዬ ናቸው። «ውሃ ላመጣ ስሄድ ሼዱን ጠረጉት። አይጥ ነበረበት።» በዚያች ሰዓት እንኳ፣ መልሱ ከሳቸው በመምጣቱ ቀናሁ።

«ሃንታቫይረስ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ከአይጥ ቆሻሻ ተነሥቶ ከአቧራ ጋር በትንፋሽ የሚገባ ነው» አለችኝ። «ደም የሚያረጋው ፕላትሌትዎ ወርዷል፤ ሳንባዎ ውሃ እየያዘ ነው። ቫይረሱን የሚያጠፋ የተረጋገጠ መድኃኒት የለንም። ሰውነትዎ እስኪያሸንፍ እኛ እንተነፍስልዎታለን።»

ቱቦ ገባ። ደሜን አውጥቶ፣ ኦክስጅን ሰጥቶ የሚመልስ ኤክሞ የሚባል ማሽን ተገጠመ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።

ስነቃ አቶ ተስፋዬ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ደረታቸው ከፍ ይላል። ዝቅ ይላል። ማንም አያግዛቸውም። በሰው ሹመት ቀንቼ አላውቅም። በሰው ትንፋሽ ቀናሁ።

ማሽኑ ተነቅሎልኝ መቀመጥ ስችል፣ የላቦራቶሪው ውጤት ጥርጣሬዋን እንዳረጋገጠ ሐኪሟ ነገረችኝ፤ ፓናማ ያደገች በመሆኗም፣ በአገሯ ደኑ ተመንጥሮ እርሻና ግጦሽ በሆነበት ሁሉ የሩዝ አይጥ የሚሉት ትንሽ የዱር አይጥ እንደሚበዛ፣ የዚህ ቫይረስ ዘመድ የሆነ ሌላ ቫይረስም በሽንቱና በምራቁ እንደሚያወጣ አስረዳችኝ። እዚህ ኮሎራዶ ተሸካሚው ሆዱ ነጭ፣ ዓይኑ ትልልቅ የሆነው ዲር ማውስ ነው፤ ዝናብ ጥሩ ሆኖ የሣር ዘር ሲትረፈረፍ ይራባል፣ ብርድ ሲመጣ ወደ ሼድና ጋራዥ ይገባል።

«አይጡስ አይታመምም?» አልኳት።

«እምብዛም። ተሸክሞት ይኖራል።»

በአይጥም ቀናሁ።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ አፍንጫዬ ላይ የኦክስጅን ቱቦ እንዳለ በመስኮት አጠገብ እቀመጥና፣ ሶስና የአቶ ተስፋዬን እጅ ይዛ፣ በእኔ መንገድ፣ የእኔን ፍጥነት በሚያስንቅ እርምጃ ስትሄድ እስኪሰወሩ ድረስ አያቸው ነበር። አንድ ቀን ፊቴን አንብበው ነው መሰል፣ «አይስጉ፤ ቦታውን የያዝኩት በተጠባባቂነት ነው። ቋሚው ሲመለስ እለቃለሁ» አሉኝ።

ይህን ለምታነቡና ተመሳሳይ ነገር ለገጠማችሁ የምመክረው ይህ ነው። አይጥ የገባበትን ቤት በደረቁ አትጥረጉ፤ በቫክዩም፣ በኤሌክትሪክ መጥረጊያም፣ አትሳቡ። በሩን ከፍታችሁ ከመግባታችሁ በፊት ይናፈስ። ጓንትና ጭምብል አድርጉ፤ በውሃ የቀጠነ በረኪና ርጩበት፣ እስኪርስ ጠብቁ፣ ከዚያ በወረቀት ጥረጉት። ውሃ ብቻ አይበቃም ብላናለች ሐኪሟ፤ አቶ ተስፋዬ አጠገቤ ቆመው ይህን ሲሰሙ ደስ እንዳለኝ አልደብቅም። ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም ከያዛችሁ፣ ስለ አይጡ ሳትጠየቁ ተናገሩ። እኔን ያተረፈኝ የአቶ ተስፋዬ ቃል ነው። ምስጋናዬ ሙሉ ነው፤ ቅናቴ ግን ገና አልወጣልኝም።

በመጨረሻው ቀጠሮ ሐኪሟ ትንፋሼን ለካች፤ «ያለ ኦክስጅን፣ ያለ ገደብ መራመድ ይችላሉ» ብላ ፋይሉን ዘጋች። ቤት ስንደርስ አቶ ተስፋዬ የሶስናን ቦርሳ በሁለት እጃቸው፣ ጎንበስ ብለው አስረከቡኝ። ቋሚው ወደ ሥራው የተመለሰው መጋቢት 12 ቀን ነው።