ለኤዶ ቪዛ ዘመድ ያልሆነ ሰው ሲፈለግ

ኤዶ ፓስፖርቷን የምታስቀምጠው በባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ነው። ጣሳው ሱቋ መደርደሪያ ላይ፣ ከዲራዎቹ ኋላ ይቀመጣል። ዲራ የሶማሌ ሴቶች የሚለብሱት ስስና ሰፊ ቀሚስ ነው፤ እሷ ትሸጣለች፣ እኔ አጠገቧ ባለችው ጠባብ ክፍል ጠርዙን እሰፋለሁ። በዚያ ጣሳ ውስጥ ምን እንዳለ አለማወቄ ለዓመታት ሲከነክነኝ ኖሯል። ሰው ፌስታል አንጠልጥሎ ሲያልፍ ምን እንደገዛ ካላወቅኩ ሥራ የማይሆንልኝ ሴት ነኝ። ኤዶ በዚህ የተነሳ "ፖሊሷ" ትለኛለች።

ኤዶ በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው። በኛ ሰፈር ሶማሌውም ሐበሻውም፣ ሕፃኑም ሽበታሙም እንዲሁ ነው የሚጠራት። አንቱታ አትወድም። ገና ጎረቤት እንደሆንን "እርስዎ" ብላት "ምን አስቀየምኩሽ?" ብላ ኮስተር አለችብኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንቺ እላታለሁ።

ከኮሮና በኋላ ቻይና ለመንገደኛ እንደገና ስትከፈት፣ አንድ ጠዋት ጣሳውን አውርዳ ፓስፖርቷን የስፌት መኪናዬ ላይ ዘረጋችው።

"ፖሊሷ፣ እስኪ እይልኝ። ይቺ ቪዛ ትሠራለች ወይስ ሞታለች?"

ሞታለች። ለሴት ልጇ ሠርግ ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ሄዳ የተመለሰችበት የቱሪስት ቪዛ ነው፤ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። አሁን ያቺው ልጇ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ባሏ ዕቃ እየጫነ ወዲህ የሚልክ ነጋዴ ነው፤ ውሎው መጋዘን ውስጥ ነው። ኤዶ ስልኳን ከፍታ የልጇን ድምፅ አሰማችኝ። ልጅቷ "ሆዮ" እያለች፣ እናቴ ማለቷ ነው፣ ሐኪሞቹ የሚሉት እንደማይገባት፣ ብቻዋን መውለድ እንደፈራች ትናገራለች። "ሆዮ፣ አንቺ ካልመጣሽ አልወልድም" ስትል ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ኤዶ ዓይኗን በሻርፗ ጠረገች።

"ስትወልድ እጇን መያዝ አለብኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም" አለችኝ።

የእኔ ዓይን ግን የፓስፖርቱ ሽፋን ላይ ቀርቷል። የሶማሊያ ፓስፖርት ነው።

"ኤዶ፣ ኢትዮጵያዊት አይደለሽም እንዴ?"

"ማን ጠይቆኝ ያውቃል?"

እውነቷን ነው፣ እኔ እንኳ ጠይቄያት አላውቅም። ያን ቀን ጠየቅኳት። የተወለደችው ሐርጌሳ ነው። በወጣትነቷ እዚያ ጦርነት ሲነሳ ከሰው ጋር ድንበር ተሻግራ መጣች፣ መጀመሪያ ቀብሪበያ አጠገብ በድንኳን ኖረች። ከዚያ የጅጅጋ ከብት ነጋዴ አገባት፤ እዚሁ ወለደች፣ ባሏንም እዚሁ ቀበረች። ፓስፖርቱንም የፊተኛውን ቪዛም የጨረሰላት ናይሮቢ ይኖር የነበረ ወንድሟ ነው። ወንድሟ አሁን ባሕር ማዶ ተሻግሯል፤ ናይሮቢ የሚያስጠጋት ሰው የለም። ስለዚህ አዲስ አበባ ሄዳ ቪዛውን ልታድስ ነው።

አብሬያት ሄድኩ። ባሌን ዚፕና ቁልፍ በጅምላ ልገዛ ነው አልኩት። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን የቪዛ መስኮት ምን እንደሚመስል ማየት አምሮኝ ነው።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ነበረች። ወረቀቱን ሁሉ አገላብጣ አየች፤ ፎቶውን፣ የአውሮፕላን ትኬቱን፣ ከጓንዡ የተላከውን የግብዣ ደብዳቤ።

"እናቴ፣ ያመጡት ሁሉ ጥሩ ነው" አለች። "ግን የኢትዮጵያ ዜጋ ስላልሆኑ ወይ ከአገርዎ ያመለክታሉ፣ ወይ እዚህ በሕጋዊ መንገድ እንደሚኖሩ የሚያሳይ የመኖሪያ ፈቃድ ያመጣሉ።"

"አገሬ የት ነው?" አለች ኤዶ።

"በፓስፖርቱ ከሆነ ሞቃዲሾ ነው የሚያመለክቱት።"

ኤዶ ወደ እኔ ዞረች። "ሞቃዲሾን በሬዲዮ ነው የማውቃት። ሄጄ ማን ጋ ላድር?"

ልጅቷ ሳቋን ዋጠች። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶናል። እኔ ነገሩ እጅግ ገረመኝ። አንድ ሰው ቻይና ለመሄድ መጀመሪያ ከየት እንደሚነሳ ማስረዳት አለበት፤ እንግዳ ሆኖ የሚገባበት አገር፣ እንግዳ ያልሆነበትን አገር አሳየኝ ይለዋል። ተገቢ ጥያቄ ነው ብዬ አሰብኩ፤ መልሱን ግን ከእኛ ከሁለታችን የሚያውቀው አልነበረም። ስንመለስ ሚኒባሳችን የካራማራን ተራራ አልፎ ጅጅጋ ወለል ብላ ስትታይ ኤዶ በመስኮት እያመለከተች "ያቺን ልጅ እዚህ አምጥቼ ይሄን ባሳየኋት" አለች።

ጅጅጋ ያለው የኢሚግሬሽን ቢሮ ሳያጉላላ ነገሩን ነገረን፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ይቻላል፣ ነገር ግን ከቀበሌ ያለማቋረጥ እዚህ እንደኖረች የሚገልጽ ደብዳቤ ይምጣ። ቀበሌ ሄድን። ጉዳዩን የያዘው ሸሚዙን በደንብ የተኮሰ ወጣት ሶማሌ ነው። "ኤዶ፣ ቀላል ነው" አላት፣ እሱም ኤዶ ነው የሚላት። "ለረጅም ጊዜ የሚያውቁሽ፣ ዝምድና የሌላቸው ሦስት ምስክሮች አምጪ።"

በማግሥቱ ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች ይዛ መጣች። እኔም ሥራዬን ጥዬ ጥግ ይዣለሁ። ወጣቱ "ከኤዶ ጋር ዝምድና አላችሁ?" ብሎ ጠየቀ። የኛ ሰው ቢሆን "የለንም" ብሎ ፈርሞ ይወጣ ነበር። ለሶማሌ ሽማግሌ ግን ዘመድህን ካድ ማለት ነው። አንደኛው ከዘራውን አስደግፎ አባቶቹን በስም መቁጠር ጀመረ። አብቲርሲ ይሉታል፤ ልጅ አፉን ሲፈታ የሚማረው ቆጠራ ነው፣ ከራስ ስም ተነስቶ እስከ ጥንቱ አባት ይወርዳል። ኤዶም የራሷን ቆጠረች፤ አንድ ስም ላይ ሲገናኙ ክፍሉ በእልልታ ሊፈርስ ምንም አልቀረው። ሁለተኛው በእናቷ በኩል ዘመድ ሆነ። ሦስተኛው የሟች ባሏ የአጎት ልጅ ነው። ወጣቱም ሳያስበው ገባበትና የሴት አያቱ ከኤዶ እናት ወገን መሆኗ ተገኘ። የግመል ወተት ያለበት ሻይ መጣ። ሁሉም ተመራርቆ፣ ደስ ብሎት ተለያየ። ፊርማ ግን የለም።

ኤዶ አባቶቿን ስትቆጥር እኔም ጥጌ ላይ ሆኜ በልቤ አብሬያት ስቆጥር ነበር። እንዴት እንዳወቅኳቸው እመጣበታለሁ።

ቀጥሎ የገበያ ሴቶች ይዛ ሄደች። ልብስ ሻጮቹም፣ ወተት ሻጮቹም ዘመድ ሆነው ቁጭ አሉ። ከቱሊ ጉሌድ ድረስ ያስመጣቻት የድሮ ጓደኛዋ እንኳ በጋብቻ ተያዘች። በዚህ መካከል ከጓንዡ ድምፅ ይመጣል፤ እግሯ አብጧል፣ ወሯ ገብቷል፣ ሆዮ የት ደረሰች?

"ከዘመድ ብዛት ቪዛ የተከለከለ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ ኤዶ፣ ሱቋ ደፍ ላይ ተቀምጣ። በሳቅ ጀምራ በለቅሶ ልትጨርሰው ነበር። ከዚያ ድንገት ቀና ብላ ታየኝ ጀመር። "አንቺ፣ አያትሽ ከየት ነው የመጣው?"

"ወታደር ሆኖ፣ ከመንዝ።"

"መንዝ ዘመድ የለኝም፣ አልሐምዱሊላህ!" ብላ ብድግ አለች።

እናም እኔ፣ እናቴና ከፊት ለፊታችን ያለው ከስልጤ የመጣ ባለሱቅ ምስክር ሆነን ሄድን። ወጣቱ እያንዳንዳችንን ለየብቻ ነው የሚጠይቀው። እናቴና ባለሱቁ ቶሎ ወጡ። የመጨረሻዋ እኔ ሆንኩ። ኤዶ በሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ በሩ ክፍት ነው።

"አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል" አለ ወጣቱ። "በሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ብዙ ሰው ከከተማ ወጥቶ ነበር። ያን ጊዜ እዚህ እንደነበረች የሚያሳይ ምንም ነገር የለኝም። አንቺ በምን ታውቂያለሽ?"

ስጠይቅ ነው እንጂ ስጠየቅ አላውቅበትም። 

"ቤቷ ስለነበርኩ" አልኩት።

ነገርኩት። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነው፣ ከተማው የተረበሸ ጊዜ። ባሌ ለሥራ ድሬዳዋ ሄዷል፤ ከገበያው በኩል ጭስና ጩኸት ይመጣል። እናቴን ይዤ፣ ጡት የሚጠባውን ልጄን አዝዬ፣ በጓሮ ዞሬ የኤዶን ቆርቆሮ በር አንኳኳሁ። አስገባችን። ሻርፗን አልብሳ ጓዳ አስቀመጠችን፣ እሷ በርጩማ ስባ በሩ ላይ ተቀመጠች። ኋላ ቤት ለቤት ሐበሻ የሚፈልጉ ወጣቶች መጡ። ውስጥ ማን አለ ሲሏት "የወንድሜ ሚስት ናት፣ ከልጇ ጋር" አለች። አላመኗትም። የወንድምሽ ልጅ ከሆነ ቁጠሪ አሏት። የልጄ ስም በሁለታችንም ሃይማኖት ያለ ስም ነው። ኤዶ እሱን ከፊት አድርጋ፣ ከሥሩ የወንድሟን፣ ከሥሩ የአባቷን፣ የአያቷን፣ እያለች ሳታቋርጥ ቆጠረች። ልጄን አቅፌ ግድግዳውን ተደግፌ እሰማለሁ። ሄዱ። እንደገና ሌሎች መጡ፣ እንደገና ቆጠረች። ግርግሩ እስኪበርድ ድረስ ስንት ጊዜ እንደቆጠረች አላውቅም፤ እኔ ግን ያለፍላጎቴ በቃሌ ያዝኩት።

"ልቁጠርልህ?" አልኩት ወጣቱን።

ቆጠርኩ። ከልጄ ስም ጀምሬ፣ በሰባራ ሶማሊኛዬ፣ እስከ መጨረሻው ሄድኩ። ወጣቱ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ጠረጴዛውን ያያል። ያን ጊዜ እሱ የስንት ዓመት ልጅ እንደነበረ፣ የት እንደነበረ ለመጠየቅ አፌ ላይ መጣና መለስኩት። በሕይወቴ መጠየቅ የፈራሁት እሱን ብቻ ነው።

ብዕሩን አነሳ። "ደንብ ሆኖብኝ ነው፣ አትቀየሚኝ" አለ ዝግ ባለ ድምፅ። "ከኤዶ ጋር ዝምድና አላችሁ?"

ለመመለስ የተዘጋጀሁበት ጥያቄ ነበር። ከቤት ስወጣ ሁሉ እየሳቅኩ ነበር የወጣሁት። አሁን ግን ኤዶ ወዳለችበት በር ዞርኩ። እሷ በዚያ በር ላይ ዘመዴ ናት ብላ ምላልኝ፣ እኔ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንዴት ነው ዘመዴ አይደለችም የምለው? ሽማግሌዎቹ ለምን እንዳልቻሉ ያኔ ገባኝ። እንባዬ መጣ።

"የለንም በያ!" አለች ኤዶ ከውጭ። "ወላሂ፣ ልጄ ልትወልድብኝ ነው!"

"የለንም" አልኩ።

ወጣቱ ጻፈው። ማኅተሙን ሲመታ ቀና ብሎ አላየኝም። ስንወጣ ኤዶ እጄን ይዛ እስከ ባጃጁ ድረስ አለቀቀችኝም።

የመኖሪያ ፈቃዱ መጣ፣ ቪዛውም ወጣ። ኤዶ የሱቁን ቁልፍ ለእኔ ትታ ሄደች። ከዚያ ስልኳ አልሠራ አለ፤ እኔ ደግሞ መርፌው ጣቴን እስኪወጋኝ ድረስ ስልኬን እያየሁ እሰፋለሁ። ደርሳላት ይሆን? ወይስ ልጅቷ ብቻዋን ወለደች? አንድ ከሰዓት በኋላ የድምፅ መልእክት ገባ። መጀመሪያ የሕፃን ለቅሶ ነው። ከዚያ የኤዶ ድምፅ፣ ደክሞታል ግን ይስቃል።

"ፖሊሷ፣ እጇን ይዣት ነው የወለደችው። ሴት ናት። ለወንድሜ ልጅ ንገሪው፣ የአክስቱ ልጅ በሰላም ተገላግላለች በይው።"

ልጄ ደጅ ኳስ ይጫወት ነበር። ጠርቼ ነገርኩት።