ሁለተኛው ፍራሽ

ወንድሜ ሲሞት የእኔ ቪዛ ወጥቶ ነበር። ከዚህ ነው መጀመር ያለብኝ። ሌላ መነሻ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ጃፓን የሄደው በነፃ የትምህርት ዕድል ነው። ጨረሰና እዚያው ሥራ ይዞ ቀረ። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። "ና፣ ትንሽ ሰንብተህ ትመለሳለህ" አለኝ። ወረቀቱን ሁሉ እሱ ጨረሰው። ተራራ ላይ ፍልውሃ ያለበት የድሮ የእንግዳ ማረፊያ አለ፣ እሱንም ለሁለታችን ያዘ። በስልክ ሲነግረኝ ይስቃል።

"ራቁትህን ነው የምትገባው። ከሰው ጋር።"

"አልገባም።"

"አውቅሃለሁ እኮ! ፎጣህን ይዘህ ኮልፌ ድረስ ነው የምትሮጠው።"

ከዚያ አንድ ጠዋት ሥራ አልገባም። ሰዎች ቤቱ ሄደው ሲያዩት ከእንቅልፉ አልነቃም። ልቡ ነው አሉ።

ወሬው መጀመሪያ የደረሰው አጎቴ ጋ ነው። አስኮ ቤታቸው ጠርተው ነገሩኝ። ማልቀስ ስጀምር ክንዴን ያዙኝ።

"እናትህ አሁን አትሰማም" አሉ። "የደም ግፊቷን ታውቃለህ። አስከሬኑ ሲደርስ፣ ሽማግሌ ይዘን በማለዳ እናረዳታለን። አንተ እንደታሰበው ሂድ። ሊጠይቀው ሄደ እንላለን። ፊትህን ብቻ ጠብቅ።"

ፊቴን ጠበቅኩ። እናቴ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዳቦ ቆሎ ቋጠረች። "ይሄኛው የሱ ነው፣ መንገድ ላይ እንዳትከፍተው፤ አውቅሃለሁ" አለች። ለሞተ ልጇ ስትቋጥር እኔ ሻንጣውን ከፍቼ ያዝኩላት። ዚፑን አብረን ዘጋነው።

እዚያ የተቀበለኝ የወንድሜ የሥራ ባልደረባ ነው። እንግሊዝኛዬ ብዙ አያስኬድም። እሱም እንደኔ ነው። በስልኩ ላይ ባለው መተርጎሚያ ነበር የምንግባባው፤ እሱ ይናገራል፣ ስልኩ በተሰባበረ አማርኛ ያወራኛል። አስከሬኑን ለመላክ ወረቀቱ ጊዜ ይወስዳል አለኝ። እስከዚያ የወንድሜ ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ። የጥርስ ብሩሹ አለ። ጃኬቱ በሩ ላይ ተሰቅሏል። እናቴ በየቀኑ ትደውላለች፣ እኔ በየቀኑ ምክንያት እፈልጋለሁ።

አንድ ቀን ባልደረባው መጣና፣ ያ ማረፊያ የተያዘበት ቀን ነገ ነው አለ። ወንድሜ በጣም አስቦበት ነበር አለ። መሄድ አልፈለግኩም። ግን ከጃኬቱ ጋር መቀመጥም አልቻልኩም።

ቤቱ የእንጨት ነው። ዙሪያውን ጥድ የሚመስሉ ረጃጅም ዛፎች አሉ፣ ከድንጋዩ መሃል እንፋሎት ይወጣል። ባልደረባው በሩ ላይ አድርሶኝ ነገ እመጣለሁ ብሎ ሄደ። አንዲት አሮጊት ወጥተው ተንበርክከው ተቀበሉኝ። ጫማዬን አወለቅኩ። የቤት ጫማ አቀረቡልኝ። ሁለት ጥንድ። ከዚያ ከኋላዬ ወደ መንገዱ አዩ። ሁለት ጣታቸውን አንስተው አሳዩኝ፤ ሁለት አይደላችሁም? ማለታቸው ነው።

በእጄ ወደ መንገዱ ጠቆምኩ። ይመጣል እንደማለት። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ አላውቅም። ለእናቴ ስል ለምዶብኝ ይሆናል።

እራት ክፍሌ ድረስ መጣ። በዝቅተኛው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ትሪ ተቀመጠ። ዓሣ፣ ሩዝ፣ ስሙን የማላውቀው ቅጠል። አሮጊቷ የሱን ሳህኖች አንድ በአንድ ከደኑለት፣ እንዳይቀዘቅዝበት። እኔ ስበላ ከክዳኑ ሥር እንፋሎት ይወጣ ነበር። ትንሽ ቆይቶ መውጣቱን ተወ።

ከዚያ ወደ ፍልውሃው ሄድኩ። ማንም አልነበረም። ራቁቴን ነኝ ግን አላፈርኩም፤ የሚስቅብኝ የለም። ውሃው የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ያቃጥላል። ቀስ እያልኩ እስከ አንገቴ ገባሁ። ልጆች ሆነን ግቢ ውስጥ በአንድ ሳፋ ነበር የምንታጠበው። እሱ ትልቅ ስለሆነ ሳፋውን ይሞላዋል፣ እኔ ጠርዙ ላይ እንጠለጠላለሁ፣ "ጠጋ በል!" እያልኩ እጮህበታለሁ። እንፋሎቱ ፊቴን ሸፈነው። ከኋላዬ ውሃው ተንቀሳቀሰ። ከድንጋዩ የሚወርደው ውሃ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ጠጋ አልኩለት። ቦታ ለቀቅኩ። እንደዚያው ጥግ ይዤ ቆየሁ።

ስመለስ ክፍሉ ተለውጧል። ጠረጴዛው ግድግዳው ጋ ተገፍቷል። መሃል ወለሉ ላይ ፍራሽ ተነጥፏል። ሁለት ፍራሽ፣ ጎን ለጎን፣ ነጭ አንሶላ ለብሰው።

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አባታችን ሲሞት ቤታችን እንደዚህ ነበር የሆነው። ጎረቤት ገብቶ ሶፋውን አወጣ፣ አልጋውን ፈታ፣ ፍራሹን መሬት ለመሬት ጎተተው። እኔና ወንድሜ አንዱ ላይ ተቀመጥን። እግሬ ደንዝዞ ልነሳ ስል ልብሴን ይዞ "ሰው እስኪወጣ አትነሳ" አለኝ። እዚህ ማን ነገራቸው? ብዬ አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ ለቅሶ እንዳለብኝ አውቀው ያነጠፉልኝ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይቼ ነው እዚህ አገር ሰው ሁሉ እንዲህ እንደሚተኛ፣ ወንድሜም እንደነገረኝ ያስታወስኩት።

ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት፣ በቪዲዮ። እኔ ጋ መሽቷል፣ እሷ ጋ ገና ከምሳ በኋላ ነው። ፊቷ ስክሪኑን ሞልቶት ነበር።

"ቤርጎ ነው እንዴ ያላችሁት?"

"አዎ፣ ፍልውሃ ያለበት። እሱ የያዘው።"

"እሱስ?"

"እየታጠበ ነው።"

"ትናንት ሥራ ላይ ነው አልክ። ከትናንት ወዲያ ተኝቷል። ዛሬ ደግሞ ይታጠባል። ወይ ልጄ፣ መቼም ንጹህ ሆኗል!" ሳቀች። "እኔ እዚህ በእንግዳ አልቄያለሁ። የእድሩ ሰዎች በየተራ ይመጣሉ። ሻይ ይጠጡና ዝም ብለው ያዩኛል። ያቺ ጎረቤታችን እንኳ፣ ወስዳ የማትመልሰዋ፣ አንድ ኪሎ ስኳር ይዛ መጣች። ጤነኛ ናት ትላለህ?"

ልስቅ ሞከርኩ። እሷ አልሳቀችም። ዓይኗ ከእኔ አልፎ ሄዶ ነበር።

"ከኋላህ ያለው ምንድን ነው?"

"ፍራሽ ነው።"

"መሬት ላይ?"

"እዚህ አገር እንደዚህ ነው የሚተኙት፣ እማዬ። አልጋ የላቸውም።"

ከመጣሁ ጀምሮ ከነገርኳት ጥቂት እውነቶች አንዱ ይህ ነበር። ያላመነችኝም እሱን ነው።

"ቀረብ አድርገህ አሳየኝ" አለች። አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ወንድምህን ጥራው። መውጣት የለበትም። እዚያው ውሃው ውስጥ ሆኖ አቤት ይበለኝ፣ ይበቃኛል።"

ወደ በሩ ዞርኩ። ስሙን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ይሄ እስካሁን ያስፈራኛል፤ እውነት ልጠራው ነበር። ኮሪደሩ ጸጥ ብሏል። የሱ የቤት ጫማ ከእኔ ጎን አለ፣ አፍንጫው ወደ ውጭ ዞሮ፣ ሲመጣ እንዲቀለው። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ዞሬ ሳይ ስልኩ ላይ እናቴ የለችም። ኮርኒሳችን ብቻ ይታያል፣ ዝናብ ያስገባበት ቦታ፣ ወንድሜ ዶሮ ይመስላል የሚለው። አልጋዋ ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ። ከባድ ነገር ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት። አልጠየቅኳትም፤ ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ።

ተመልሳ ስትታይ ዝቅ ብላለች። ከኋላዋ የግድግዳው ግርጌ ነበር።

"እማዬ..."

"ዝም በል። ካንተ አፍ አይውጣ። የልጄን መርዶ ልጄ አያረዳኝም።"

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩ።

"ብቻህን ነህ?"

"አዎ።"

"በል ቁጭ በል።"

"የት?"

"ፍራሹ ላይ ነዋ። እኔም ተቀምጫለሁ።"

አንደኛው ላይ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው አጠገቤ ነበር። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ፣ ያለ ድምፅ ተንቀጠቀጠች። እኔ አጎቴ ክንዴን ከያዙኝ ቀን ጀምሮ የያዝኩትን ለቀቅኩት። ስሙን አላነሳንም። ባትሪዬ ሊያልቅ ሲል ፊቷን ጠረገች።

"ለአጎትህ እደውላለሁ፣ ነገ ሽማግሌዎቹን ይዞ ይምጣ። ይንገሩኝ። ስንት ደክመውበታል" አለች።

ጠዋት አሮጊቷ ፍራሹን ሊያነሱ ገቡ። የእኔን አጠፉት። ሁለተኛው ጋ ሲደርሱ አንሶላው እንደተዘረጋ ነው። አዩኝ። ዓይኔ አብጦ ነበር። ተንበረከኩ፣ አንሶላውን ሰው እንደተኛበት ሁሉ በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ግንባራቸው ወለሉን እስኪነካ ጎነበሱ። ከዚያ ነው ያጠፉት።

ከቀትር በኋላ ባልደረባው ሲመጣ ከአሮጊቷ ጋር በሩ ላይ ጥቂት አወሩ። እሱ አንገቱን ደፋ። መኪና ውስጥ ስልኩ ሲያናግረኝ፣ "ለሁለት ሰው ነው ወይ ብለው ደውለው ጠየቁኝ። መሞቱን መናገር አቃተኝ። አዎ አልኩ" አለኝ። ይቅርታ ጠየቀኝ። የምቀየምበት ነገር አልነበረኝም።

ከተራራው ስንወርድ አጎቴ ደወሉ።

"ነግረሃታል እንዴ?" አሉ። "ደውላ ሽማግሌዎቹን ይዘህ ና አለችኝ። ገና ጎህ ሲቀድ ሄድን። በሩ ክፍት ነው። ፍራሽ ወርዷል። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ 'ግቡ' ትላለች። እኛ ምኑን እናርዳት?"

"አልነገርኳትም፣ አጎቴ።"

"ታዲያ ማን ነገራት?"

ያንን ቤት የያዘው እሱ ነው። ሁለት ፍራሽ ያስነጠፈው እሱ ነው።

"ራሱ" አልኳቸው።

አጎቴ አልገባቸውም። "በል በርታ" አሉኝና ዘጉት።